ሕፃኑ ሳይመጣ ቤቱን ማሰናዳት፦ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

ልጅ ሊወለድ ነው ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ግዢ ነው። አልጋው፣ ጋሪው፣ ልብሱ፣ የክፍሉ ቀለም። አራስ ልጅ ግን ብዙ ነገር አይፈልግም። ይጠባል፣ ይተኛል፣ ይቀየርለታል፣ ይታቀፋል። ዝግጅት የሚያስፈልጋቸው እሱን የሚይዙት ሰዎች ናቸው። እናትየዋ ገና ከምጥ ወይም ከኦፕራሲዮን የተነሳች ናት። አባትየው እንቅልፍ አጥቷል። ሊያግዝ የመጣው ዘመድ የቤቱን ዕቃ አቀማመጥ አያውቅም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ዳይፐሩ የት ነበር?» ተብላ የምትቀሰቀሰው ደግሞ ገና አሁን ዓይኗን የከደነችው እናት ናት።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ግብ አለው። ማንም ሰው እናትየዋን ሳይጠይቅ የሚፈልገውን የሚያገኝበት ቤት ማዘጋጀት ነው። ዕቃ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ይህን ጠይቁ፦ ቤቱን የማያውቅ ሰው፣ እንቅልፍ ተጫጭኖት፣ በአንድ እጁ ያገኘዋል? የማያገኘው ከሆነ ቦታውን ቀይሩ።

1. ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ሐኪም የሚነግራችሁ የመውለጃ ቀን የ40 ሳምንት ግምት ነው። በዚያው ቀን የሚወለዱት ከ100 ሕፃናት 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣሉ። የቤቱ ሥራ 36ኛው ሳምንት ላይ ያለቀ ይሁን። መንታ ከሆነ ወይም ሐኪሙ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል ካለ፣ 32ኛውን ሳምንት ያዙ።

አቧራና ሽታ ያለው ሥራ በሙሉ ከ28ኛው ሳምንት በፊት ይለቅ። ቀለም መቀባት፣ የሚያፈስ ቧንቧ ማስጠገን፣ ከባድ ዕቃ ማዛወር እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከ28 እስከ 34 መግዛት፣ ማጠብ፣ ለየዕቃው ቦታ መስጠት ነው። ከ34 እስከ 36 ሻንጣ፣ ምግብ፣ ወረቀትና የሰው ድልድል ይሠራል። እርግዝናው በገፋ ቁጥር ጎንበስ ቀና ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ጉልበት የሚጠይቀውን አታቆዩት።

ነፍሰ ጡሯ ጨርሶ የማትነካቸው ሥራዎችም አሉ። የቆየ ቀለም መፋቅ አንዱ ነው። አሮጌ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ለጽንሱም አደገኛ ነው። ድመት ካላችሁ የድመቷን ዓይነ ምድር ማጽዳት ለሌላ ሰው ይተው። ቶክሶፕላዝሞሲስ የተባለ በሽታ በዚያ በኩል ይተላለፋል። መሰላል መውጣትም ይቅርባት።

2. ከመግዛት በፊት ቦታ አስለቅቁ

ለአራስ ልጅ አንድ መሳቢያና አንድ መደርደሪያ ይበቃል። እነዚያን ሁለቱን ባዶ አድርጉ። ለዓመት ያልነካችሁት ዕቃ ካለ ለሰው ስጡት። መላ ቤቱን ለመበርበር አትነሱ። እዚያ ውስጥ ከገባችሁ ጊዜው ያልቃል፤ ዋናው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል።

ግዢውን በተመለከተ የኔ ምክር ጥቂት ግዙና የቀረውን ከወለዳችሁ በኋላ አስመጡ የሚል ነው። ከ6 እስከ 8 ቅያሪ ልብስ፣ ጥቂት ካልሲና ኮፍያ፣ ለስላሳ ፎጣዎች፣ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ፣ ዳይፐር፣ ዲጂታል ቴርሞሜትር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ10 እስከ 12 ዳይፐር ሊያልቅ ይችላል። ያም ሆኖ ትንሹን መጠን በብዛት አትግዙ፤ ልጁ ቶሎ ያልፈዋል። የጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነና በየሁለት ቀኑ የምታጥቡ ከሆነ 24 ያህል ያስፈልጋል። ልብሱን በሙሉ ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ አስቀምጡ። በመጠን ለዩት፤ የአሁኑ ከላይ፣ የ3 ወሩ ከታች።

ከወዳጅ ዘመድ የሚመጣ ያገለገለ ልብስ እሰየው ነው። አልጋና የመኪና ወንበር ግን መመርመር አለባቸው። የአልጋው ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ፍራሹ ከአልጋው ጋር ልክክ ይበል፤ በጎኑ ሁለት ጣት ማስገባት ከቻላችሁ ሰፊ ነው። የመኪና ወንበር አንዴ አደጋ ደርሶበት ከነበረ አይወሰድም። ታሪኩን ካላወቃችሁ ይለፋችሁ።

3. የመኝታው ቦታ

ልጁ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት እናንተ በምትተኙበት ክፍል ውስጥ፣ በራሱ አልጋ ላይ ይተኛ። ስለዚህ የተለየ የሕፃን ክፍል ማሰናዳቱ ቢዘገይ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም። የናንተን መኝታ ክፍል አመቻቹ። አልጋውን ከመጋረጃ ገመድ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ከማሞቂያና ከመስኮት አርቁ።

አልጋው ላይ የሚኖረው ጠንከር ያለ ጠፍጣፋ ፍራሽና ተወጥሮ የተነጠፈ አንሶላ ብቻ ነው። ትራስ የለም። ወፍራም ብርድ ልብስ የለም። አሻንጉሊትም ሆነ የአልጋውን ዙሪያ የሚያለብሱት ለስላሳ መከለያም የለም። ባዶ አልጋ ዓይን ላይ ደስ ላይል ይችላል፤ ለልጁ ግን ይሄ ነው ደኅንነቱ። የሚተኛው በጀርባው ነው፣ ቀንም ሌሊትም። አሜሪካ ውስጥ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ልጁን የሚያስተኛው ሰው ሁሉ ይህን ማወቅ አለበት። «እኛ በሆድ አስተኝተን ነው ያሳደግናችሁ» የሚል ትልቅ ሰው ካለ ከወሊዱ በፊት ቁጭ ብላችሁ በትህትና አስረዱ። ሌሊት ላይ ለመከራከር ማንም ጉልበት አይኖረውም።

ሶፋ ላይ ልጅ አቅፎ ማሸለብ ከሁሉም የከፋው ነው። ልጁ በሰውና በመደገፊያው መካከል ይሰምጣል። ደክሟችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ልጁን አልጋው ላይ አኑሩት።

ክፍሉ መሞቅ አያስፈልገውም። ከ16 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተስማሚ ነው። ሙቀቱን ለማወቅ እጁን ሳይሆን ደረቱን ወይም የአንገቱን ጀርባ ንኩ፤ በላብ ከራሰ በቂ ነው ማለት አይደለም፣ በዝቷል ማለት ነው። ቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አይነድ፤ ሽታ የሌለው ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላል።

4. የመቀየሪያው ቦታ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። በቀን 10 ጊዜ የምትመለሱበት ቦታ ነው።

የተለየ ጠረጴዛ የግድ አያስፈልግም። አልጋ ላይ ወይም መሬት ላይ ውሃ የማያስገባ ምንጣፍ አንጥፎ መቀየር ይቻላል። ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ግን አንድ እጅ ምንጊዜም ከልጁ ላይ አይነሳም። ገና ነው፣ አይገለበጥም ብላችሁ አትዘናጉ፤ በእግሩ ገፍቶ ብቻ ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በሁለተኛው እጅ የሚደረስበት መሆን አለበት።

ዕቃዎቹን በአጠቃቀማቸው ቅደም ተከተል ደርድሩ። መጀመሪያ ዳይፐር፣ ከማሸጊያው ወጥቶ። ቀጥሎ መጥረጊያ፦ ለብ ባለ ውሃ የሚነከር ጥጥ ወይም ሽቶ የሌለው እርጥብ መጥረጊያ። ሴት ልጅ ከሆነች ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ነው የሚጠረገው። ከዚያ ማድረቂያ ጨርቅ። ከዚያ የሽፍታ ቅባት። መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ። እግር ሥር ክዳን ያለው፣ በእግር ተረግጦ የሚከፈት ቆሻሻ መጣያ ይቀመጥ። ልብሱ በፊት ለፊት በኩል የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል። አንገት በሌላ በኩል፣ እጅ በሌላ በኩል እያሉ ሌሊት የሚያለቅስ ልጅ ማልበስ አድካሚ ነው።

አሁን ሞክሩት። ፎጣ ጠቅልላችሁ እንደ ልጅ አስተኙት። ግራ እጃችሁን ላዩ ላይ አድርጉ። ትልቁን መብራት አጥፉና ደብዘዝ ያለችውን የሌሊት መብራት ብቻ አብሩ። በቀኝ እጃችሁ ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨርሱ። የቅባቱ ክዳን የሚሽከረከር ከሆነ በአንድ እጅ አልከፈት ይላችኋል። መሳቢያው ይቀረቀራል። ጥጡ ተጠቅጥቆ ስለተቀመጠ አንዱን ስትስቡ አምስቱ ይከተላል። የቆሻሻ መጣያው ከእግራችሁ አንድ እርምጃ ርቆ ይገኛል። የተገኘውን ሁሉ እዚያው አስተካክሉ፤ ክዳኑን በአውራ ጣት ወደሚከፈት ለውጡ፣ መሳቢያውን ተዉትና ክፍት ቅርጫት ተጠቀሙ። ሲያልቅ ሌላ ሰው ጠርታችሁ እንዲሞክር አድርጉ። እሱ የሚያየውን እናንተ አታዩትም።

ቀን የምትውሉበት ክፍል ሌላ ከሆነ ከተመሳሳይ ዕቃ ጥቂት ጥቂት ያዘች ሁለተኛ ቅርጫት እዚያ አስቀምጡ። ቅርጫቶቹን ማታ ማታ የሚሞላውንም ሰው ከአሁኑ ወስኑ። እናትየዋ ካልሆነች ይሻላል።

እትብቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ደርቆ ይወድቃል። እስከዚያ ዳይፐሩ ከእትብቱ በታች ይታጠፍ። የጤና ባለሙያ ካላዘዘ በቀር ምንም ነገር አይቀባ፤ ንጹሕና ደረቅ መሆኑ ይበቃዋል።

ለማጠቢያ አንዲት ሳፋ ትበቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት ከተወለደ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ይመክራል። እትብቱ እስኪወድቅ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግም ይቻላል። ቀዝቃዛው ውሃ ይቅደም፣ ፍሉ ይከተል። 37 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ቴርሞሜትር ከሌለ በክርናችሁ ሞክሩት። ፎጣውና ልብሱ ተዘርግተው ሳይጠብቁ ልጁን አታራቁቱት። በር ቢንኳኳም ስልክ ቢጠራም ውሃ ውስጥ ትቶ ዘወር ማለት የለም።

5. የእናትየዋ ጥግ

ብዙ ቤት ውስጥ የሚረሳው ይህ ነው። ለልጁ ሁሉ ነገር ተሟልቶ እናትየዋ ጀርባዋን የምታሳርፍበት ወንበር የላትም።

አራስ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። 10 ጊዜ ቢጠባና አንዱ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ በቀን 5 ሰዓት ተቀምጣ ታሳልፋለች ማለት ነው። ለዚህ የሚመጥን ቦታ ይኑራት። ጀርባን የሚደግፍ ወንበር፣ ክንዷን የምታሳርፍበት ትራስ፣ እግር ማሳረፊያ። ከጎኗ ትንሽ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ጠረጴዛው ላይ በአንድ እጅ የሚከፈት ትልቅ የውሃ ኮዳ፣ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር፣ ገመዱ ረዘም ያለ ቻርጀር፣ ልጁን ስታስገሳ ትከሻዋ ላይ የምትጥላቸው ጨርቆች፣ ሶፍት ይኑር። የታዘዘላት መድኃኒት ካለ የወሰደችበትን ሰዓት የምትጽፍበት ወረቀትና እስክሪብቶም አብሮ ይቀመጥ። ውሃውን የሚሞላ ሰው ይኑር። ጡት ማጥባት በጣም ያስጠማል።

መታጠቢያ ቤቱንም አስቡበት። ከወሊድ በኋላ ያለው ደም እየቀነሰ እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ወፈር ያለ ሞዴስ፣ ቅያሪ የውስጥ ሱሪ፣ ለብ ያለ ውሃ የምታፈስበት ጠርሙስ፣ ቆሻሻ መጣያ፣ ሁሉም ከመቀመጫው ሳትነሳ በምትደርስበት ቦታ ይሁን። ሰው ጠርታ «አቀብለኝ» ማለት የማያስፈልጋት ቦታ ይህ መሆን አለበት።

በኦፕራሲዮን የምትወልድ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጇ የከበደ ነገር አታነሳም። አስቀድሞ ያልታሰበበት ኦፕራሲዮንም ስላለ ሁሉም ቤት ለዚያ ቢዘጋጅ ጥሩ ነው። ማዕድ ቤት ገብታችሁ ዘወትር የሚነኩትን ዕቃዎች ከወለሉ አጠገብ አንሱና በወገብና በደረት መካከል ባለው ከፍታ አስቀምጧቸው። ድስት፣ ማንቆርቆሪያ፣ ስኳር፣ ብርጭቆ። ቤታችሁ ፎቅ ካለው መኝታውም መቀየሪያውም ለጊዜው አንድ ወለል ላይ ይጠቃለል።

የዓለም ጤና ድርጅት ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምርና እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል፤ ውሃም ቢሆን አይሰጥም። ማጥባት መጀመሪያ ላይ ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ማጥባትን የምታግዝ አዋላጅ ወይም ነርስ ስልክ አስቀድማችሁ ያዙ። የሚታለብ ወተት ካለ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ጡጦው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ለሕፃናት በተዘጋጀ የዱቄት ወተት የምትመግቡ ከሆነ ጡጦ የሚቀቀልበትን ድስት ለብቻው ለዩ። ለ10 ደቂቃ ይፍላ። ዱቄቱ የሚበጠበጠው ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ነው፤ ከዚያ ቀዝቅዞ ይሰጣል። ክፍል ውስጥ 2 ሰዓት የቆየና ከጠጣው የተረፈው ይደፋል። የአበጣጠሩን ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ከድስቱ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፉ። ሌሊት ተራው የደረሰው ሰው ሌላውን መቀስቀስ የለበትም።

6. ምግብና አስቤዛ

ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ ምግብ በሠራችሁ ቁጥር እጥፍ አድርጋችሁ ሥሩና ግማሹን ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። በአንድ ጊዜ በሚበላ መጠን ከፋፍሉት። የምግቡን ስምና ቀኑን ጻፉበት። ፍሪዘር ውስጥ 2 እና 3 ወር ጣዕሙ ሳይለወጥ ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ከሆነ ከ3 እስከ 4 ቀን ነው።

ለአስቤዛ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ለ2 ሳምንት ማንም ገበያ ባይወጣ ምን ያልቅብናል? መልሱን ጻፉና ያንን ግዙ። ሳሙና፣ ሶፍት፣ የቆሻሻ ፌስታል፣ አምፖል፣ ባትሪ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ።

7. ሰው መደልደል

ወረቀት አውጡ። በአንድ በኩል ሥራዎቹን ጻፉ፦ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ ገበያ፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የቤት ኪራይና መብራት መክፈል፣ ስልክ መመለስ፣ የሌሊት ተራ። በሌላው በኩል ስም ይግባ። ስም ያልገባበት ሥራ የእናትየዋ ነው ማለት ነው። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብታዩት ስንቱ በእሷ ላይ ወድቆ እንደነበር ይገባችኋል።

ሰው «ምን ላግዛችሁ?» ሲል «አይ ምንም» አትበሉ። ወረቀቱን አሳዩት። አብዛኛው ሰው ከልቡ ነው የሚጠይቀው፤ የሚሠራውን ካላወቀ ግን ሕፃኑን አቅፎ ይቀመጣል፣ እናትየዋ ሻይ ልታፈላ ትነሳለች።

የሌሊቱን ነገር በግልጽ ተነጋገሩ። እናት ብታጠባም መቀየሩን፣ ማስገሳቱንና መልሶ ማስተኛቱን ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል። እናትየዋ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተቆራረጠ እንቅልፍ የምታገኝበትን ሰዓት ምረጡና የቤቱ ሕግ አድርጉት።

ጠያቂን በተመለከተም ከአሁኑ ወስኑ። ያመመው ሰው፣ ጉንፋን ብቻ ቢሆንም፣ አይመጣም። የሚመጣው እጁን ይታጠባል። ልጁን አይስምም። ብዙ አይቆይም። ይህን የሚናገረው ሰው እናትየዋ አትሁን፤ ባል ወይም እህት ይሁኑ። ሰው የሚቀየም ከመሰላችሁ ቀድማችሁ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ ጻፉት። በር ላይ ከመናገር ይቀላል።

ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ የብዙ እናቶች ነው፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ ወይም ከበረታ የጤና ባለሙያ ጋ መሄድ ያስፈልጋል። በዓለም ዙሪያ በቅርቡ ከወለዱ 100 ሴቶች 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በተለይም ድብርት፣ ይገጥማቸዋል። ይህን የሚከታተል ሰው ስምም ወረቀቱ ላይ ይግባ። ታማሚዋ ራሷ ላታስተውለው ትችላለች።

8. ሻንጣ፣ ወረቀትና መንገድ

ሻንጣው 36ኛው ሳምንት ላይ በር አጠገብ ይቀመጥ። ለእናትየዋ ሰፊ ልብስ፣ በፊት የሚከፈት የማጥቢያ ልብስና ጡት መያዣ፣ ሞዴስ፣ ነጠላ ጫማ፣ የንጽሕና ዕቃ። ለልጁ 3 ቅያሪ፣ ኮፍያ፣ ዳይፐር፣ መጠቅለያ። ለሚያስታምመው ሰውም የሚበላና ቻርጀር።

የክትትል ካርዱ፣ የላቦራቶሪና የአልትራሳውንድ ውጤቱ፣ መታወቂያው፣ መድን ካለ የመድን ወረቀቱ፣ ሁሉም በአንድ ማኅደር ይግባ። የደም ዓይነቷ ከላይ በትልቁ ይጻፍ። አስፈላጊ ቢሆን ደም የሚሰጡ ሁለት ሰዎችንም አስቡ። ገጾቹን በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሷቸው።

በሌሊት የሚያደርሳችሁ መኪና የማን ነው? እሱ ስልክ ባያነሳስ? ትልቁ ልጅ ማን ጋ ያድራል? ለእያንዳንዱ ሁለት ስም ያስፈልጋል። የራሳችሁ መኪና ካለ የሕፃኑን ወንበር ፊቱ ወደ ኋላ እንዲሆን አድርጋችሁ ኋላ ወንበር ላይ አስቀድማችሁ እሰሩት። የአየር ከረጢት ያለው የፊት ወንበር ላይ በፍጹም አይደረግም።

የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ደም ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት ካለ፣ የምጡን መፋፋም አትጠብቁ። ሻንጣው ባይሞላም ሂዱ።

9. ፍሪጁ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት

ይህን በእጅ ጻፉትና ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ለጥፉት። ከላይ የሐኪሙ፣ የአምቡላንሱና የባለ መኪናው ስልክ ይሁን። ከሥር እንዲህ ይጻፍ፦

ልጁን ወዲያው ሐኪም ጋ የሚያስኬድ፦
- መጥባት እምቢ ካለ ወይም ለመጥባት የማይነቃ ከሆነ
- ሙቀቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ
- በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ
- ካንቀጠቀጠው
- በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ
- የእትብቱ ዙሪያ ከቀላና መግል ካለው

እናትየዋን ወዲያው የሚያስኬድ፦
- በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሙሉ ሞዴስ የሚያርስ ደም
- ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ
- ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ
- የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም
- ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ

አጠገቡ የቀጠሮ ቀን ይሰቀል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ያሉ ምርመራዎችን በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን መካከል፣ በ2ኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት ያደርጋቸዋል። ልጁ የሚጠባው ወተት ይበቃዋል ወይ ለሚለው ጭንቀት ደግሞ ሽንቱን ቁጠሩ፤ ከ5ኛው ቀን በኋላ በቀን ቢያንስ 6 የራሰ ዳይፐር ጥሩ ምልክት ነው።

10. ትልቁ ልጅ

ቤት ውስጥ ሌላ ልጅ ካለ አልጋውን ወይም ክፍሉን የምትለውጡበት ከሆነ ከወሊዱ ቢያንስ ሁለት ወር ቀደም አድርጉት፤ ሕፃኑ ቦታውን የቀማው እንዳይመስለው። የሱንም ሥራ ስጡት፦ ዳይፐር ማቀበል፣ ካልሲ መምረጥ። በማጥቢያው ወንበር አጠገብም የሱ መጽሐፍና አሻንጉሊት ያለበት ሳጥን ይኑር።

11. የመጨረሻው ፍተሻ

36ኛው ሳምንት ሲገባ ቤታችሁን በደንብ የማያውቅ ሰው ጥሩ። እናትየዋ ትቀመጥ፣ አትናገር። እንግዳው ያለ እርዳታ እነዚህን ያምጣ፦ ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ ቴርሞሜትር፣ የማጥቢያ ጨርቅ፣ ሞዴስ፣ የክትትል ካርድ፣ የተዘጋጀ ምግብ ከፍሪዘር፣ የባለ መኪናው ስልክ ቁጥር፣ የመብራት መክፈያው ደረሰኝ፣ የሌሊቱ መብራት ማብሪያ። የፈለገበትን የመጀመሪያ ቦታ ተመልከቱ። ዕቃው እዚያ ካልነበረ ወደዚያ አዛውሩት። መሳቢያና ካርቶኑ ላይ በትልቁ የውስጡን ዕቃ ስም ጽፋችሁ ለጥፉ። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ሰው ድጋሚ ሞክሩት።